ውርጭ የመታው ሶሌታ

ይድረስ ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እህቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? ባለቤትሽና ልጆችሽስ ደህና ናቸው? አባባን ሳሉ ተዋቸው ወይስ ዛሬም ያንገላታቸዋል? እኔ በአካል ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ግን እንደወትሮው ለአባባ ጮክ ብለሽ እንዳታነቢላቸው። በሩን ዝጊና መጀመሪያ ብቻሽን እዪው።

እህቴ፣ ታላቅ ወንድማችን የለም። በምን ቃል እንደማለዝብልሽ ሳስብ ከርሜ አቃተኝ። የምንሠራበት ሕንፃ የአርማታ ሶሌታ ተደርምሶበት ሞተ። እኛው ፍርስራሹን አንስተን አወጣነው፣ እኛው ቀበርነው።

ዘንድሮ የቀረበልን ሲሚንቶ ከብረት ማቅለጫ ምድጃ የሚወጣው ዝቃጭ ተፈጭቶ የተቀላቀለበት ነው። ክፉ ሲሚንቶ አይደለም፤ ውሃ አይበግረውም፣ ሲከርምም ከለመድነው ይበልጥ ይጠነክራል። ግን ቀርፋፋ ነው፣ በብርድማ ጭራሽ ይለግማል። መሐንዲሷ ላቦራቶሪው ሳይፈቅድ የሶሌታውን ድጋፍ ማንም እንዳይነካ ብላ አስጠንቅቃን ነበር። ወንድማችንን ታውቂው የለ፣ ገና ዞር ከማለቷ አባባን የሚያህል ላቦራቶሪ የት ይገኛል ብሎ አሳቀን።

አንድ ቀን ጠዋት ወጥቶ አባባ ግንበኝነቱን ሲያስተምሩን እንዳሳዩን ሶሌታውን በመዶሻው ጀርባ አንኳኳው። ጥርት ብሎ ጮኸ። እኔም ሰምቼዋለሁ፣ የደረቀ አርማታ ድምፅ ነበር። ለካ ሌሊት ውርጭ ወርዶበት ኖሮ የጮኸው ውስጡ የረጋው በረዶ ነው፤ አርማታው ገና ጥሬ ነበር። ድጋፉ ለላይኛው ወለል ይፈለግ ስለነበር ይነቀል አለ። ይነቀል ያለ ሰው አስቀድሞ ራሱ ከስር ይግባ የሚሉትንም የአባባን ደንብ አልረሳም፤ እኛን ውጭ አቁሞ ብቻውን ገባ። ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ሶሌታው ለቀቀ። ስባሪውን ሳነሳው ውስጡ እንደዚህ ዓይነቱ ሲሚንቶ ጠባይ አረንጓዴ ነው፣ በጥፍር ይፋቃል። አሁን እህል ስቀርብ እጄን አይና ትቼ እነሳለሁ።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። አባባ መርዶውን ሰምተው ልቅሶው ጋብ ሲልላቸው ምን እንደሚጠይቁሽ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ሳያንኳኳ ነው ወይ የነቀለው ይሉሻል። አንኳኩቶ ነበር ካልሽ፣ ልጄን በገዛ እጄ ገደልኩት ብለው ከተቀመጡበት አይነሱም። አላንኳኳም ካልሽ ደግሞ ይቆጣሉ፤ ስንት ዓመት የለፋሁበትን ንቆ ሞተ ይላሉ። ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። አላንኳኳም በያቸው። እንደሱ ቃላቸውን የሚያከብር ልጅ አልነበራቸውም፣ አሁን ግን ደንታ ቢስ ሊባል ነው።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። ልጆቹን አንድ በአንድ ሳሚልኝ። አክስታችንን አደራ፣ ልቧ ደካማ ነውና ሰው ሳይኖር እንዳትነግሪያት። የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ። ወንድማችንን ሲቆጡት ዝም ብለሽ ስሚያቸው፣ እንዳትከራከሪለት። እሱ ቁጣቸውን ይችለዋል።

ታናሽ ወንድምሽ
ከግንባታው ሠራተኞች ማደሪያ፣ በጥር ወር መጨረሻ