ከላይኛውና ከታችኛው ምንጭ የቀዳነው ውሃ

እማዬ፣

አንቺን ከቀበርን ሁለት ክረምት አልፎ ሦስተኛው ሊገባ ነው። ሰዎች «አሁንስ ይብቃሽ» ይሉኛል። የምጽፍልሽ ግን ለማልቀስ አይደለም። ሳልነግርሽ የሄድሽው ነገር አለ፤ ወሬው ደግሞ ያንቺ ነው። ደብዳቤው ላንቺ ቢሆንም ሌላ ሰው ቢያነበው አልጠላም። እንዲያውም የላይኛው ሠፈር ሰዎች ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። አባባ ደኅና ነው። ዓይኑ ከእሳት ብዛት ስለደከመ መርፌና ወረንጦ መሥራቱን ትቶ ማረሻ ብቻ ይቀጠቅጣል። ዘነበች አንቺ ትቀመጪበት የነበረው ቦታ ላይ ተቀምጣ ሸክላ ትሠራለች። የእንስራ አንገት ስታወጣ ልክ እንዳንቺ ታችኛውን ከንፈሯን ትነክሳለች፤ እኅቴን እንዲህ ሳያት ሥራ አለኝ ብዬ ወደ ውጭ እወጣለሁ። ቤቱ ቆርቆሮ ለብሷል። ዝናብ ሲመጣ አባባ «በዚህ ጩኸት ሰው እንዴት ይጸልያል» እያለ ያማርራል፤ እንግዳ ሲመጣ ግን ቀና ብሎ ጣሪያውን እያየ፣ እንግዳውም እንዲያይለት ይጠብቃል።

የጎረቤላ ገበያ ትዝ ይለኛል። ሴቶቹ እንስራሽን እያንኳኩ ድምፁን ሰምተው ከወደዱት በኋላ፣ ያዘሉትን ልጅ ፊት በነጠላቸው ይሸፍናሉ። ዓይናችን እንዳያርፍበት ነው። ሸክላ የሚሠራና ብረት የሚቀጠቅጥ ሁሉ ቡዳ ነው ይላሉና። እኔ አንገቴን እደፋ ነበር። አንቺ ግን ቀጥ ብለሽ እያየሻቸው «ልጁ ማን ይባላል?» ብለሽ ትጠይቂያቸዋለሽ። አንዳንዷ ደንግጣ ስሙን ትነግርሻለች። አንዳንዷ እንስራውን ጥላ ትሄዳለች። የሄደችው ቤቷ ያለው እንስራ መሰንጠቁ ትዝ ሲላት ትመለሳለች፤ አንቺም ከዋጋው አትቀንሺላትም።

ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ደብረ ብርሃን ስትወስጂኝ በብርዱ እጅሽን ብብትሽ ውስጥ አድርገሽ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመሽ እስክገባ ጠበቅሽኝ። አጠገቤ የምትቀመጥ ልጅ ጠፍታ ወንበሩ ላይ ለብቻዬ መቀመጤን ስነግርሽ «ታዲያ ሰፊ ቦታ አገኘሽ፤ እጅሽን ዘርግተሽ ጻፊ» አልሽኝ። ያኔ አኩርፌሽ ነበር። አሁን ግን ሲያናድዱኝ ያንን ለራሴ እለዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሁለተኛ ዓመቱን ስጨርስ፣ በክረምት ጥቂት ተማሪዎች ከመምህራን ጋር ላቦራቶሪ ውስጥ ገብተው ምርምር እንደሚሠሩ ሰማሁ። ማስታወቂያ አልወጣም። ነገሩ የሚወራው በሚተዋወቁ ልጆች መካከል ነበር፤ የሚመረጡትም አባቶቻቸው የታወቁ የከተማ ወንዶች ልጆች ነበሩ። ማንም አልጠራኝም። ስለዚህ ሳልጠራ ሄድኩ።

የኬሚስትሪ ክፍሉን የሚመሩት አቶ መኰንን የሚባሉ ሰው ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም። የየት አገር ልጅ እንደሆንኩና ወላጆቼ ምን እንደሚሠሩ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ፊታቸው በራ። «እንዲያውም ጥሩ ነው» አሉ፤ «ስለ ሸክላ የሚሠሩ ልጆች አሉ። አንቺ እናትሽን እየጠየቅሽ ትነግሪያቸዋለሽ፣ እነሱ ይመረምሩታል።»

እማዬ፣ ደሜ ሽቅብ ወጣ። ያንቺን ሥራ ንቄ አይደለም። የተማርኩትን ሁሉ ተምሬ በዚያ ክፍል ውስጥ ያለኝ ቦታ ጠያቂ ሳይሆን ተጠያቂ መሆን ስለሆነብኝ ነው።

«የራሴ ጥያቄ አለኝ» አልኳቸው።

«ምን ዓይነት?»

«በእኛ አገር የሰው አንገት ለምን ያብጣል?»

እዚያ የተቀመጠ አንድ ሌላ መምህር ሳቀ። እንቅርት የሚመጣው አዮዲን ሲጎድል መሆኑን ሐኪሞች ዱሮ እንደደረሱበት፣ እንደገና መጠየቅ ጊዜ ማጥፋት እንደሆነ ነገረኝ።

«አንኮበር ላይ የትኛው ምንጭ ስንት አዮዲን አለው? ማን ለካው?» አልኩት።

አቶ መኰንን ግን ቦታ የለም አሉኝ። በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። በሦስተኛው ቀንም ሄድኩ። በመጨረሻ ከመታጠቢያው አጠገብ ያለውን ጠረጴዛ ሰጡኝ፤ በዚያው የሌሎቹን ብልቃጥ እንዳጥብ። «የራሴን አጥባለሁ» አልኩ። ትንሽ አዩኝና «ይሁን» አሉ። እንደዚህ ነው የገባሁት። በልመና እንዳይመስልሽ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ግን ልጻፈው። ጠርሙሶቼን በሣጥን ይዤ በአውቶቡስ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ በካሚዮን ላይ ተጭኜ ጎረቤላ ደረስኩ። ጉሙ ከቆላው እየወጣ ገደሉን ስለሸፈነው ቤታችንን ያገኘሁት በአባባ መዶሻ ድምፅ ነው። አንገትሽ ላይ ያለው እንቅርት ካየሁሽ ወዲህ አድጎ ነበር። በሻሽ ጠምጥመሽዋል። ዳገቱን ስትወጪ ትንፋሽ ያጥርሻል። ሆኖም ምንጮቹን ሰው እንዲያሳየኝ ብጠይቅሽ «እኔ ምን ሆኜ?» አልሽ።

ከታችኛው ምንጭ፣ እኛ ስንቀዳ ከኖርንበት፣ መጀመሪያ ሞላን። ቀጥለን ወደ ላይኛው ወጣን። ዕድሜዬን ሙሉ ወደዚያ ሄጄ አላውቅም። የእኛ እጅ ውሃውን ያረክሰዋል ተብሎ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ከዚያ አይቀዳም ነበር። እትዬ ደስታ የሚባሉት የላይኛው ሠፈር ሴትዮ እንስራቸውን ይዘው ቆመው ነበር። ሲያዩን መንገዱን ዘጉት።

«እዚህ ምን አመጣችሁ?» አሉ።

አንቺም ትንፋሽሽን እስክትሰበስቢ ቆየሽ። ከዚያ «ልጄ ውሃውን ልትለካ መጥታለች» አልሽ። «ከሠራሁልሽ እንስራ ትጠጫለሽ። በልጄ ጠርሙስ ደግሞ ይለካል።»

እትዬ ደስታ መልስ ሊሰጡ ሲሉ ሻርፓቸው ተንሸራተተ። አንገታቸው ያንቺን ያህል አብጧል። እኔም አየሁ፤ አንቺም አየሽ። ፈጥነው ሸፈኑት። አንቺ ጠርሙሱን ከእጄ ተቀብለሽ ጎንበስ ብለሽ ራስሽ ሞላሽው። ሴትዮዋም ከመንገዱ ዞር አሉ። ስንወርድ ስቀሽ ነበር፤ ሳቁ ሳል ሆነብሽና ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። «ምን እንዳገኘሽ መጥተሽ ትነግሪኛለሽ» አልሽኝ። እሺ አልኩሽ።

ኅዳር ላይ ያ ሳል ጠንቶብሽ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ገባሽ፣ ከዚያም አልተመለስሽም። የኔ ሥራ ገና አላለቀም ነበር። አሁን ልንገርሽ።

ከውሃው ላይ ትንሽ ተወስዶ ቢጫ ፈሳሽ ይጨመርበታል። አዮዲን ካለ ቢጫው ቶሎ ይጠፋል። ከሌለ ይቆያል። ሌሎች ውሃዎችን ስለካ ቢጫው ዓይኔ እያየ ይነጣ ነበር። የታችኛውን ምንጭ ውሃ ስለካ ቆየ፣ ቆየ፣ አልጠፋም። የላይኛውንም ለካሁ። እሱም ቢጫ እንደሆነ ቆየ። ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ደጋግሜ ለካሁት። የገበያውን አሞሌ ጨውም ለካሁ፤ እሱም የሚረባ ነገር አልነበረበትም። እማዬ፣ ሁለቱ ምንጮች አንድ ናቸው። የሚጎድላቸውም አንድ ነው። ካንቺ ያራቁት ውሃ ካንቺው ምንጭ የተሻለ ነገር አልሰጣቸውም።

ውጤቱ በመምህራኑ ፊት የሚቀርብበት ቀን ሲደርስ አቶ መኰንን ጠሩኝ። እንግሊዝኛው ጠራ ያለ አንድ ተማሪ ስላለ እሱ ያቅርብልሽ፣ አንቺ አጠገቡ ቁሚ አሉኝ። ካረፍሽ ብዙ ስላልቆየ ጥቁር ልብስ ለብሼ ነበር። ለእኔ አዝነው ያሉት ይመስለኛል።

«ውሃውን የቀዳሁት እኔ ነኝ፤ የማቀርበውም እኔ ነኝ» አልኩ።

ቆምኩ። እንግሊዝኛዬ ሁለት ቦታ ተደናቀፈ። ያ ስቆብኝ የነበረው መምህር እጁን አውጥቶ «ታዲያ በላይኛውና በታችኛው ምንጭ መካከል ልዩነቱ ምንድን ነው?» አለ።

«በውሃው ምንም የለም» አልኩት። «ልዩነቱ ማን እንዲቀዳ እንደሚፈቀድለት ነው።»

ከዚያ አቶ መኰንን ስለ ጨው ሌላ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ እንደ ማንኛውም ተመራማሪ መለስኩላቸው። ጥያቄዎቹ ቀጠሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሸክላን ያነሳብኝ የለም።

ተመርቄ እዚያው ክፍል ውስጥ ረዳት ሆኛለሁ። የመጀመሪያ ጥያቄዬ የክረምቱ ምርምር ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ ነበር። «እንዲህ ከሆነ ሁሉም ይመጣል» አሉኝ አቶ መኰንን። «ይምጣ» አልኩ። ብዙ ተከራከርን። ተለጠፈ። ዘንድሮ ከመጡት አንዷ ዘሀራ ትባላለች፤ ከአንኮበር በታች ካለው ቆላ የመጣች የአርጎባ ሸማኔ ልጅ ናት። ከማቅለሚያ ቅጠሎች የቱ ፀሐይ እንደሚችል ልታጠና ፈልጋ ነው የገባችው። የሷን ጥያቄ የሷ እንዲሆን ተውኩት። በክፍሉ ውስጥ «ላንቺ ወገን ነው የምታደዪው» የሚሉኝ አሉ። ቋንቋችን እንጂ ሃይማኖታችን እንኳን አንድ አይደለም። ወገኔ ከሆነች በሩ ተዘግቶባት ስለነበር ነው። እንዲህ ከሆነ ደግሞ ገና ብዙ ወገን አለኝ።

ባለፈው ወር ደብረ ብርሃን የተማርኩበት ትምህርት ቤት ለተማሪዎች እንድናገር ጠራኝ። ወደ አዳራሹ ከመግባታችን በፊት ዳይሬክተሩ በትሕትና ወደ ጎን ወሰዱኝ። «ስለ ቤተሰብሽ ሲጠይቁሽ የገበሬ ልጅ ነኝ ብትይ ይሻላል፤ ልጆቹ ሌላ ነገር እያሰቡ ትምህርቱን እንዳይረሱት» አሉኝ።

ገባሁ። ልጆቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው በብርድ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ስሜን ነገርኳቸው። «እናቴ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ትባላለች፤ ሸክላ ሠሪ ነበረች። አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነው» አልኩ። ከኋላ ሹክሹክታ ተነሳ። አንዲት ልጅ ፊቷን በጋቢዋ ሸፈነች። እስኪበቃቸው ጠበቅኋቸው። ከዚያ ጠመኔውን አንስቼ ሰሌዳው ላይ መጻፍ ጀመርኩ፤ እነሱም ደብተራቸውን አወጡ።

እማዬ፣ ወደፊትም የማደርገው ይህንኑ ነው። የማን ልጅ ነሽ ባሉኝ ቁጥር፣ ትልቅ ሰው ፊትም ይሁን ትንሽ፣ ስምሽን ከነሥራሽ እጠራለሁ። ድምፄንም አልቀንስም።

ልጅሽ አስካለ