ያሳጠርኩት አንቴና

ለአባባ፣ በእጅዎ ይግባ።

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ብርድ ሲመጣ ይብስብዎት ነበርና ሐሳቤ ሁሉ እዚያ ነው። የእማማ ዐይን እንዴት ሆነ? መነጽሩን ታደርገዋለች ወይስ እንደ ልማዷ እንዳይሰበር ብላ ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች? እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ያልኩት ግን አካሌን ነው። ይህን የምታነቢላቸው እህቴ፣ ከዚህ በታች ያለውን እማማ ጎረቤት እስክትሄድ ጠብቀሽ አንብቢላቸው፤ አደራ።

አባባ፣ ባለፈው እንደጻፍኩልዎ ሥራዬ ትልልቅ ሕንፃዎች ውስጥ የመብራትና የስልክ ገመድ መዘርጋት ነው። ከወለሉ ሥር ሰው በደረቱ ተስቦ ብቻ የሚያልፍበት ጠባብ የሲሚንቶ መተላለፊያ አለ፤ ገመዱ የሚሄደው በዚያ ነው። ሰው እንዳይገባ ብለን ያበጀነውን ዘዴ ብነግርዎ አያምኑኝም። በሪሞት የምትሄድ የልጆች መጫወቻ መኪና ጀርባ ላይ ሲባጎ እናስርና እንለቃታለን። በወዲያኛው በኩል ስትወጣ ሲባጎውን ይዘን ገመዱን እንጎትታለን። ረጅሙን ክር ከኋላዋ እያስከተለች ስለምትሄድ ሙሽሪት ብለናታል። ነጂዋ እኔ ነኝ። ጢም ያወጣ ሰው ቀኑን ሙሉ በመኪና እየተጫወተ ደሞዝ ይበላል ብለው ይስቁብኝ ይሆናል። ይሳቁ፣ እኔም እስከ ሐሙስ ድረስ ስስቅ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት የመሣሪያ ሣጥኑን ሳስቀምጥ ሳላያት ሙሽሪት ላይ አሳረፍኩትና አንቴናዋ ተቀነጠሰ። ከጀርባዋ ቀጥ ብላ የምትቆም ቀጭን ሽቦ ናት፤ የሪሞቱን ትእዛዝ ከሩቅ የምትሰማው በእሷ ነው። ፎርማናችን ባለፈው ወር ድሪል የጣለውን ሰው በዚያው ቀን ከሥራ ሸኝቶታልና ቀልቤ ተገፈፈ። ለማንም ትንፍሽ ሳልል፣ ሰዎቹ ምሳ ሲሄዱ ልተካት ተቀመጥኩ። የተቀነጠሰውን ጫፍ ብፈልግ የለም፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ጠርጋ ወስዳዋለች። እኔ ሞኙ የቀረውን ጉማጅ ለካሁና የጠፋው ቢበዛ አንድ ጣት ቢሆን ነው ብዬ፣ አንድ ጣት ጨምሬ አዲስ ሽቦ በየድኩላት። ለካ የጠፋው ከስንዝር በላይ ኖሯል። በየቀኑ ሳያት ኖሬ ቁመቷን አላውቀውም! እዚያው ክፍል ውስጥ ስሞክራት ወዲያ ወዲህ አለችልኝ። ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜ እንዴት አትሰማኝ።

ዓርብ ዕለት ለቀቅኳት። ሃያ ሜትር ያህል ሄዳ ቀጥ አለች። ሪሞቱን ብጫን፣ ብለምናት፣ ወይ ፍንክች። በሲባጎው ልንስባት ስንሞክር ጎማዋ አንድ ብረት ላይ ተያዘና ሲባጎው ተበጠሰ። አሁን መንገዱን ዘግታ ተቀምጣለች። ፎርማኑ ባትሪዋ አልቆ ነው ብሎ፣ ሰኞ ጠዋት ሰው ገብቶ ያውጣት አለ። ዐይኑን በሁላችንም ላይ ሲያዞር አንገቴን ደፋሁ። ከሁሉ ቀጭን አንተ ነህ ብሎ አጎቴን መረጠ።

አጎቴ የምለው የሥጋ ዘመዴ አይደለም። በአንድ ክፍል አብሮኝ የሚኖር ሽማግሌ ገመድ ጎታች ነው፤ ደረቱን ያፍነዋል፣ ደረጃ ሲወጣ እንኳ ሁለት ጊዜ ያርፋል። ሳል ነው ያከሳው እንጂ ቀጭን ልሁን ብሎ አይደለም። ይኸው ዛሬ እሑድ ፊት ለፊቴ አልጋው ላይ ተቀምጦ ከአሮጌ ብርድ ልብስ የጉልበት መከለያ ይሰፋል። ክሩ መርፌው ውስጥ አልገባ ብሎት ሲቸገር እኔ አስገባሁለት። እግዜር ይስጥህ ልጄ ሲለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አባባ፣ እኔ ከእሱ ብዙም አልወፍርም። መግባት ያለብኝ እኔ ነኝ። ግን እፈራለሁ። የውኃ ጉድጓድ ይቆፍሩ በነበረ ጊዜ፣ አንድ ቀን ውረድና አፈሩን በባልዲ ሙላ ሲሉኝ ትኩሳት ያዘኝ ብዬ የተኛሁት ትዝ ይልዎታል? ትኩሳት አልነበረብኝም። ጎንበስ ብዬ ወደ ታች ሳይ እጅ እግሬ ተሳስሮ ነው። የእርስዎን ሙያ ትቼ የወጣሁትም ከዚያ ጉድጓድ ስሸሽ ነው፤ ለሰው ግን ኑሮዬን ላሻሽል ነው እላለሁ። ትናንት ልሞክረው ብዬ የመተላለፊያውን ክዳን ከፍቼ እስከ ወገቤ ድረስ ገባሁ። ጣሪያው ጀርባዬን፣ ወለሉ ደረቴን ሲነካኝ የገዛ ትንፋሼ ፊቴ ላይ ተመለሰብኝ። እንዴት ወደ ኋላ እንደወጣሁ አላውቅም፤ ክርኔ ተልጧል። እርስዎ ያን ሁሉ ዓመት ሲወርዱ ይፈሩ ነበር? አንድም ቀን ጠይቄዎት አላውቅም። ፈርተው ከሆነ ያስጽፉልኝ።

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር። አጎቴ ሁለተኛውን መከለያ ጨርሶ ጉልበቱ ላይ ሲያስር ሳሉ መጣበትና ግድግዳውን ደግፎ ቆመ። ከዚያ በላይ ማየት አልቻልኩም። መስበሬንም፣ መደበቄንም፣ ሽቦውን ማሳጠሬንም አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። መከለያዎቹን ፈትቶ አልጋዬ ላይ አስቀመጠና ወጣ።

ነገ ጠዋት ፎርማኑን ሰባሪውም እኔ ነኝ፣ ገቢውም እኔ ነኝ እለዋለሁ። ካባረረኝም ያባርረኝ፤ ያኛው ፍርሃት አሁን ትንሽ ሆኖብኛል። መከለያዎቹን አስሬ አየኋቸው፤ ልኬ ናቸው። ወገቤ ላይ ገመድ አስራለሁ፤ እርስዎም ያለ ገመድ ወርደው አያውቁም። ጫፉን የሚይዝልኝ ሰው ግን ያስፈልገኛል፤ እዚህ ካሉት ከአጎቴ በቀር የማምነው የለም። አሁን ተመልሶ መጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል። ትይዝልኛለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። እስካሁን አልመለሰልኝም።

የእማማን ጉልበት ስሜያለሁ፤ ደህና ነው ብቻ ይበሏት። አንባቢዋን እህቴን፣ ስታነብ ብታለቅስም አይቆጧትና፣ ግንባሯን ይሳሙልኝ። ለታላቅ ወንድሜና ለባለቤቱ፣ እስካሁን ላላየኋት ሕፃናቸውም ናፍቆቴ ይድረስ። ይህ ደብዳቤ እጅዎ እስኪገባ ሰኞ ካለፈ ሳምንታት ይሆነዋል። ቢሆንም አባባ፣ ስለዚያ ሰኞ ይጸልዩልኝ።

ልጅዎ
ከገመድ ዘርጊዎች ማደሪያ
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጥር 26 ቀን