ሳላይ እሺ አልልም

ሞላሌ፣ መንዝ

መቅዲዬ፣

«ማስተርስ ከነስኮላርሺፑ ሰጥተውሽ ደግሞ ሄጄ ካላየሁ ትያለሽ? ኩራት ነው» ብለሽኝ ነበር። እንኳንም አልሰማሁሽ።

ትምህርቱ የበግ እርባታ ስለሆነ ዛሬ ተማሪዎቹን ተከትዬ ገበሬ ቤት ሄድኩ። አማካሪዬ የሚሆኑት ዶክተር በኃይሉ አንድ አውራ በግ ሚዛን ላይ ሊሰቅሉ ሲታገሉ፣ በጉ ገፍትሮ ጭቃው ላይ ዘረራቸው። እኛ የተማርንበት ቦታ መምህር ሲያስነጥስ እንኳ «ይማርዎት» ለማለት እርስ በርስ እንተያይ አልነበር? እዚህ ግን ተማሪያቸው እሌኒ ሆዷን ይዛ እየሳቀች «ዶክተር፣ ቀንዱን አይያዙ ብዬዎት ነበር» አለቻቸው። እሳቸውም ከጭቃው ሳይነሱ «ልክ ነሽ፤ በይ አንቺ ያዢው» ብለው አብረዋት ሳቁ። ይኼን በየትኛው ኢሜይል ይጽፉልኝ ነበር?

የበጉ ባለቤት እትዬ ጌታነሽ እጄን ይዘው ጠጉሩ ውስጥ ከተቱት። «ወገቡን ሳይዳስስ በግ የሚገዛ የመንዝ ሰው የለም» አሉኝ። «እኔም ለዚሁ ነው የመጣሁት» አልኳቸው። ዶክተሩ ጭቃቸውን አራግፈው ሳይጨርሱ ቦታውን መቀበሌን ነገርኳቸው።

ፖስት ካርዱ ሞላ፤ ጣቶቼም በብርድ ደንዝዘዋልና ፊደሌን ታገሺው። የእናትሽን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ለአዳማ ሙቀትም ሰላም በይልኝ። ያዋስሽኝን ጃኬት ግን አትጠብቂው፤ ሁለት ዓመት እለብሰዋለሁ።

የምሥራች