ግላስ የለበሰው ባላምባራስ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

አልሰጥም አልኳቸው። የባሌ የሙላው ታላቅ ወንድም አያ አዳነ ከጭልጋ መጥተው ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ፣ «ይህን ውሻ ሽንፋ ለሰሊጥ እርሻ ጥበቃ እንስጠው። ሰኞ መኪና አለ» አሉ። ሴት ብቻዋን ውሻ አታሳድግም ነው ነገሩ። አላሳድግም ያልኩ ይመስል።

እሑድ የሙላው አርባ ነው። ሲሞት ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት ዘመዶቹ አልደረሱም፤ ስለዚህ ተዝካሩም ለቅሶውም ባንድ ቀን ይሁን ተባለ። «ወባ ናት፣ ትለቀኛለች» እያለ ሲቀልድ ነው የሄደብኝ። በእሱም ተናድጃለሁ።

የምጽፈው የደንበኞቼን ልክ በምይዝበት ደብተር ነው። ከዚህ ገጽ ጀርባ የአንዲት ሙሽራ የወገብ ልክ አለ።

ሐሙስ

ዛሬ ደግሞ የውሻው ስም ጥፋት ሆነ። ስሙ ባላምባራስ ነው። የእነሙላው አያት ባላምባራስ ነበሩ።

ሙላው ግን ለስድብ አላወጣውም። ጢሙ አያቱን ስለመሰለው ነው። ቡችላ ሳለ ከድንበር ማዶ ከገላባት በሸሚዙ ውስጥ ደብቆ ሲያሻግረው፣ ኬላ ላይ «ምን ይዘሃል?» አሉት። «ባላምባራስን» አለ። ሳቁና አሳለፉት።

ስንቴ ተቀይሜዋለሁ። ከሚነዳው ትራክተር ወርዶ ግቢ ሲገባ መጀመሪያ ሰላም የሚለው ውሻውን ነበር፣ ከዚያ እኔን። ሰርግ ቤት ይዞት ይሄዳል። ሲጨበጨብ በሁለት እግሩ ቆሞ እንዲዞር አስተምሮታል፤ ራሱም አብሮት ይዞራል። የከተማችን የሸሕዲ ሰው ሙሽሮቹን ትቶ እነሱን ያይ ነበር። አሁን ሁሉም «ጨዋ፣ ዝምተኛ ሰው ነበር» ይሉኛል። ማንን ነው የሚያወሩት?

ዓርብ

ፈረስ መጣ። ከነኮርቻው፣ ጀርባው ላይ ከሚለብሰው ጌጠኛ ግላስ ጋር፣ ከአንድ ባለጸጋ በውሰት። ጠመንጃም አለ። በእነሱ አገር ወንድ ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ፣ መሣሪያው ተይዞ በለቀስተኛው መሀል ይዞራል።

«ሙላው እኮ ፈረስ አልነበረውም» አልኩ።

«የወንድሜ ለቅሶ ባዶ ሜዳ አይሆንም» አሉ አያ አዳነ።

አንድ ጊዜ ገበያ መሀል አህያ ጣለችው። ተነሥቶ አቧራውን አራገፈና ለአህያዋ እጅ ነሣ። ይህ ሰው ነው በፈረስ የሚለቀስለት።

የነበረውን ልጻፍ። ሁለት ቱታ። አንድ ኮፍያ። የማይሠራ ሬዲዮ። ባላምባራስ።

አንደኛውን ቱታ መቀስ አገባሁበት። ግሪሱ አሁንም ይሸታል። ግን ቆረጥሁት።

ቅዳሜ

ቀኑን ሙሉ ስሰፋ ዋልኩ። አማቴ እማሆይ መጥተው ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ቆሙ። ከመጡ ጀምሮ ባላምባራስ ሲጠጋቸው ቀሚሳቸውን የሚሰበስቡ ሴት ናቸው።

«ምንድን ነው ምትሰፊው?»

«ግላስ። ለባላምባራስ። ነገ ፈረሱ ሲዞር እሱም ይዞራል።»

ቁጣቸውን ጠበቅሁ። ጨርቁን አንሥተው አሸተቱት፣ ብዙ ቆዩ። ከዚያ መልሰው ሰጡኝና፣

«ሆዱ ላይ አታጥብቂበት» አሉኝ።

እሑድ

ቄሶቹ ፍትሐት አድርሰው፣ በልተው፣ መርቀው እስኪሄዱ ባላምባራስን ጓሮ አሰርኩት። ያንን አልደፈርኩም።

ለቅሶው ተጀመረ። ፈረሱ ዞረ። ቆንጆ ፈረስ ነው፣ ግን ማንም አያውቀውም። ሰው እንደ ወጉ አለቀሰ። እኔ ጓሮ ሄጄ ገመዱን ፈታሁ።

ግላሱን ለብሶ ሲገባ ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አየው። አያ አዳነ ወደ እኔ መጡ። «አንች፣ ልታዋርጅን ነው?»

«ያልነበረውን የሚያዞሩት እርስዎ ነዎት። እኔ የነበረውን ነው ያመጣሁ» አልኳቸው።

ግጥም አውጪዋ አልቃሽ ግራ ገብቷት አየችኝ። «እንደነበረው አልቅሽለት» አልኳት። ትንሽ አሰበችና አወጣችው፦

ፈረስ አልነበረው ጠመንጃም አልያዘ፣
ከውሻው ጋራ ነው አገር የተጓዘ።

ሴቶቹ ተቀብለው ማጨብጨብ ጀመሩ። ጭብጨባውን ረስቼው ነበር። ባላምባራስ ጆሮውን አቆመ። ከዚያ በሁለት እግሩ ተነሣና በዚያ ሁሉ ሰው መሀል፣ የሙላውን ቱታ እንደለበሰ፣ ዞረ። ሲጨርስ አጠገቡ የሚዞረውን ሰው ፈለገ።

መጀመሪያ የሳቁት እማሆይ ናቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ሳቁ፣ ሳቃቸው ሳይቋረጥ ወደ ልቅሶ ተለወጠ። ከዚያ ሜዳው በሙሉ አለቀሰ። ያገሬው ሰው ስሙን እየጠራ፣ ቀልዱን እየጠራ አለቀሰለት። እኔም አለቀስኩ። አርባ ቀን ሙሉ ሰው ፊት አላለቀስኩም ነበር።

ሰኞ

የሽንፋው መኪና ጥሩንባውን ነፍቶ ሄደ። ስለ ውሻው ማንም አላነሣም። እማሆይ «ገመዱ አርጅቷል፣ ቀይሪለት» ብቻ አሉኝ።

አያ አዳነ ግን ከትናንት ጀምሮ አያናግሩኝም። ነገ ፈረሱን ይዘው ይመለሳሉ። ቅያሜያቸው እስከ መቼ እንደሆነ አላውቅም።

ቅድም በመስኮት አየኋቸው። ግቢው ውስጥ ብቻቸውን ናቸው። ግራ ቀኝ ተመለከቱና ባላምባራስ ፊት ቁጢጥ ብለው ቀስ አድርገው ሁለት ጊዜ አጨበጨቡ። ባላምባራስ አንድ ዓይኑን ገልጦ አያቸው፣ መልሶ ጨፈነ።

አልተነሣላቸውም። እኔም ገና አልታረቅኋቸውም።