ሦስቱም ጥጉ ልክ የሆነው ብረት

ይድረስ ለአባባ፤

እንዴት ከረሙ? ወገብዎ እንዴት ሆነልዎ? የእማማስ ጉልበት ደረጃውን ያስወጣታል ወይ? የእኔን ከጠየቁ ሰውነቴ ደህና ነው፤ ጭንቅላቴ ነው ያስቸገረኝ። እንደ ልማድዎ ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለው ለቤተሰቡ እንዳያነቡት፤ ለብቻዎ ይዩት።

ከወር በፊት ወርክሾፓችን አንድ ሥዕል መጣ። ሦስት ወፋፍራም የብረት ቱቦላሬዎች ጫፍ ለጫፍ ገጥመው ሦስት ማዕዘን ሠርተዋል፤ ሕንፃ ደጃፍ የሚቆም ጌጥ ነው። አለቃዬ ትችለዋለህ ወይ ቢለኝ፣ እርስዎ እንዳስተማሩኝ ሌላውን በመዳፌ እየሸፈንኩ ጥግ በጥግ መረመርኩት። እያንዳንዱ ጥግ ስኳድራ ልክ የሚቀመጥበት ቀጤ ማዕዘን ነው። የአናጢ ልጅ እኮ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ፈረምኩ። እሱም ይህን ሥራ ካስረከብኩ ባለቤቴን ወደዚህ አገር የማስመጣበትን ወረቀት እንደሚጽፍልኝ ቃል ገባልኝ።

አባባ፣ ብረቱ እምቢ አለኝ። ሁለቱን ጥግ በይጄ ስጨርስ የሦስተኛው ብረት ጫፍ ሽቅብ ወደ ጣራው ያፈነግጣል። ስንቴ ቆርጬ ስንቴ እንደፈታሁት አይጠይቁኝ። ጎረቤቴ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ሥዕሉን ባሳየው ሳቀብኝ። የሦስት ማዕዘን ጥጎች ቢደመሩ የሚያህሉት ሁለት ቀጤ ማዕዘኖችን ብቻ ነው፣ ይህ ግን ሦስት አለው፣ በሰው እጅ አይሠራም አለኝ። ታዲያ እንዴት ይታየኛል ብዬ ብጠይቀው፣ ዓይን ጥጎቹን አንድ በአንድ ካመነ ጠቅላላውን መልሶ አይጠይቅም አለ። ከሁሉ የሚያናድደኝ፣ ይህን ሰምቼ አምኜም ሥዕሉን ሳየው አሁንም ልክ ነው። የገዛ ዓይኔን ምን ልበለው?

አስተማሪው አንድ መላ ነገረኝ። አንዱ ጥግ ክፍት ከተተወ፣ ከአንድ ቦታ ላይ በአንድ ዓይን ለሚያየው የገጠመ ይመስላል። ሠርቼ ለአለቃዬ አሳየሁት። ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ፈቀቅ አለና፣ ሰው ዙሪያውን የሚዞረው ነው፣ ፈርመሃል፣ እስከ ዓርብ ካልገጠመ ሌላ ሥራ ፈልግ አለኝ።

እስከ ዛሬ ሥራ ሲያስቸግረኝ አባባ ቢኖር መላ አያጣለትም ነበር እያልኩ እጽናና ነበር። ይህን ግን እርስዎም አይችሉትም። ከዓርቡ ይልቅ ወገቤን የቆረጠኝ እሱ ነው።

የእማማን ጉልበት ይሳሙልኝ። ታላቅ እህቴን ከነልጆቿ፣ ሚስማር የምንለውን አጎቴንም ሰላም ይበሉልኝ፤ የእሱ ቀልድ ይኸኔ በጠቀመኝ። ባለቤቴ ለመንገዱ ብላ ዕቃ መሸጥ ጀምራለች አሉ። ደብዳቤው ሲደርስዎ ዓርብ ያልፋል፤ አልጋውን ካልሸጠችው እንዳትሸጠው ይንገሩልኝ። ለምን ብላ ከጠየቀችዎ ግን፣ ምን እንደሚሏት እኔም አላውቅም።

ልጅዎ
ከወርክሾፑ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ረቡዕ፣ የካቲት ፲፩ ቀን