ሽማግሌ ስለማይቀደምበት የተራራ መንገድ

ግንቦት 1970 ዓ.ም.
ሎስ አንጀለስ

ለክቡር ጋሼ ኅሩይ ደስታ
የምዕራብ ጠረፍ ኢትዮጵያውያን ሯጮች ማኅበር ሊቀ መንበር

ጤናዎ፣ በተለይም ጉልበትዎ፣ እንደምን ሰንብቷል? እኛ ሯጮችዎ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ እንዳንሮጥ ከመከልከላችን በቀር የጎደለብን የለም።

ከሳንታ ሞኒካ በላይ ባለው የተራራ መንገድ ማንም እንዳይሮጥ፣ የእኔም ስም የፊታችን ቅዳሜ ከተራራው ጫፍ እስከ ውቅያኖሱ ዳር ከሚደረገው ውድድር እንዲሰረዝ መወሰንዎን እስከ ካልቨር ሲቲ ሰው ልከው ስላስታወቁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ለዚህ ውድድር ዓመቱን ሙሉ ስዘጋጅ መክረሜን ስለሚያውቁ ደስታዬን መገመት አያቅትዎትም። አቤቱታዬ የሚከተለው ነው።

1. ሴት ልጅ ያለ ታላቅ ሰው ተራራ አትወጣም ብለው ራስዎ ሊያጅቡኝ መምጣትዎ ትልቅ ክብር ነበር። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው ከፊት ሲመሩን፣ መንገዱ ከአንድ ሰው በላይ ስለማያሳልፍና ታላቅን ቀድሞ መሄድም ነውር ስለሆነ፣ የማኅበሩ ሯጮች በሙሉ እጃችንን ወደ ኋላ አጣምረን በእርምጃ ተከተልንዎት። አንዲት አሜሪካዊት ሯጭ ቆም ብላ ማን እንደሞተብን በሐዘኔታ ጠየቀችን።

2. እርስዎ ግን ስንመለስ እኩለ ቀን መሆኑን አይተው «ሶ፣ በዚህ አያያዛችሁ ማንን ልትቀድሙ ነው? ኦኬ፣ ከዛሬ ጀምሮ እኔ ድራይቭ አድርጌ ልከተላችሁ በምችልበት አስፋልት ብቻ ትሮጣላችሁ» ብለው ፈረዱብን። በማን ምክንያት እንደዘገየን ለመናገር የደፈረ አልነበረም። እኔም አልደፈርኩም፤ ዛሬ ግን እናገራለሁ። በእርስዎ ምክንያት ነው።

3. ስለ አስፋልቱም ምስጋናዬ ይድረስዎ። ለተራራ ውድድር ለሚዘጋጅ ሰው ከመኪናዎ ጭስ የተሻለ ስንቅ ከየት ይገኛል?

ክቡር ሆይ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው፤ ትዕግሥቴ ግን አልቋል። ስሜን ራሴ ሄጄ አስመዝግቤያለሁ። የማኅበሩን ማልያ ቢከለክሉኝ በገዛ ካናቴራዬ እሮጣለሁ እንጂ ቅዳሜ ቤቴ አልቀመጥም።

ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ለወንበርዎ ረጅም ዕድሜ የምመኝ፣ ታዛዥነቴም እስከ ዓርብ ማታ ብቻ የሚጸና

ኤልፍነሽ አጥላባቸው

ማስታወሻ፦ ቅዳሜ እኔን ለማጀብ እንዳይደክሙ፤ ልጅዎ አዜብ አብራኝ ትሮጣለች። ጠዋት ጠዋት ላይብረሪ ነኝ የምትልዎት ከእኔ ጋር ተራራ ላይ ሆና ነው። ፊት ለፊት ልትነግርዎ ስላፈረች እንድጽፍልዎ የለመነችኝ ራሷ ናት። ከሁላችንም ትፈጥናለች፤ ከማን እንደወረሰችው ግን እስካሁን ግራ ገብቶናል።