የደበቅኳት ነጥብ

ግንቦት 6

ዛሬም እንደ ትናንቱ። የስምሪት ክፍሉ ሁለት ስልኮች ከጠዋት ጀምሮ ሲጮሁ ዋሉ። የወላጅ ሁሉ ጥያቄ አንድ ነው... «አውቶቡሱ የት ደረሰ?» «መንገድ ላይ ነው» እላለሁ። መንገድ ላይማ ነው፤ አውቶቡስ ጣራ ላይ አይወጣ። እውነቱን ግን አላውቅም። ሾፌሩ ስልክ ካላነሳ ማንም አያውቅም።

ይህን ያህል ዓመት ተማሪ የሚያመላልስ ድርጅት ውስጥ ተቀምጬ ልጆቹ የት እንዳሉ አላውቅም። አምና ለሥራ አስኪያጁ ሐሳብ አቅርቤ ነበር። እያንዳንዱ አውቶቡስ ላይ መከታተያ ይገጠም፤ ወላጅ በስልኩ መኪናው ያለበትን ይይ። ሳቀብኝ። «ወላጅ ካየ ይጠይቃል። ከጠየቀ ይከሳል። ሥራሽን ሥሪ።»

ሥራዬን እየሠራሁ ነው... ሁለቱንም። ጠዋት ቢሮ ከመግባቴ በፊት እናቴ ቤት እሄዳለሁ። ታናሽ ወንድሜ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ይጠብቀኛል። እሱ ፕሮግራሙን ይጽፋል፤ እኔ መንገዱን፣ ፌርማታውን፣ የወላጁን ጠባይ እነግረዋለሁ። ሲያልቅ ሚኒባስ ላላቸው ለትንንሾቹ አመላላሾች እናቀርበዋለን። የራሳችን ድርጅት... ስም እንኳ ገና አላወጣንለትም። ቢሮ ውስጥ አንድም ሰው አያውቅም።

ግንቦት 8

እናቴ ቤት ዋልን። ጓዳውን ዘግተን ስንሠራ በሩን በክርኗ ገፍታ ገባች።

«ሁለታችሁ ጓዳ ስትገቡ ደስ አይለኝም» አለች። «ድሮ የምትገቡት ስኳር ልትሰርቁ ነበር።»

ታናሼ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። አሁንስ ምን እየሰረቅን ነው?

እሷ ስትወጣ ተጨቃጨቅን።

«እታለም፣ እውነተኛ አውቶቡስ ላይ ካልሞከርነው ይሄ የልጅ ጨዋታ ነው።»

«ማን መኪናውን ይሰጠናል?»

«አንቺ እኮ አውቶቡስ ላይ ተቀምጠሽ ነው አውቶቡስ የምትፈልጊው።»

«የድርጅቱ ነው።»

«ታዲያ ልቀቂያ። አንድ እግርሽ እዚያ፣ አንድ እግርሽ እዚህ... መሐል ላይ ትሰነጠቂያለሽ።»

ልቀቂ ማለት ለሱ ቀላል ነው። የዚህ ቤት ጣጣ ያለው በኔ ትከሻ ላይ ነው። ግን ተሳስቷል ወይ? አልተሳሳተም።

ግንቦት 12

ምሳ ሰዓት አንድ የሚኒባስ ባለቤት ለማነጋገር ሹልክ አልኩ። ለጓደኛዬ ለስልክ ተቀባይዋ «ጥርሴን አሞኛል» ብያት ነበር። ስመለስ ኪኒን ገዝታ ጠበቀችኝ። ፊቷ ቆሜ ዋጥኩት። ያልታመመ ጥርስ ይዤ... ደግነቷ ነው የመረረኝ።

ግንቦት 14

ጋሽ ቀጠሮን ጠየቅኳቸው። ሾፌራችን ናቸው፤ ሰዓት አሳልፈው ስለማያውቁ ነው ቀጠሮ የምንላቸው። ትክክለኛ ስማቸውን ከደመወዝ ክፍል በቀር የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። መከታተያዋ የክብሪት ቀፎ ብታክል ነው። አውጥቼ አሳየኋቸው፤ ምን እንደምንሠራም ነገርኳቸው።

«አለቃው ያውቃል?»

«አያውቁም።»

የፊት መስታወቱን በጨርቅ ሲወለውሉ ቆዩ።

«ፈንጂ አይደለማ?»

«ኧረ ጋሼ።»

«እንግዲህ እኔ ያየሁት ነገር የለም። ከወንበሬ ሥር ምን እንዳለ አጎንብሼ አላይም። ወገቤ አይፈቅድልኝም።»

ሳቅን። ቤት ስገባ ግን ሳቁ ጠፋ። በሰው እንጀራ ነው እንዴ የቀለድኩት?

ግንቦት 15

ነጥቧ ተንቀሳቀሰች። መጸዳጃ ቤት በሩን ቆልፌ የስልኬ ካርታ ላይ አየኋት። ትንሽ ሰማያዊ ነጥብ... ከትምህርት ቤቱ በር ተነስታ ዳገቱን ስትወጣ። ብቻዬን እንደ ሞኝ ሳቅኩ።

ግንቦት 23

ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ። ያወቀ መስሎኝ ነበር። ለካ ሊሾመኝ ነው።

«የስምሪት ኃላፊው ጡረታ ሊወጣ ነው። በሱ ቦታ ያሰብኩት አንቺን ነው። ዓይኔን ጨፍኜ የማምነው ሰው የለኝም፤ ካንቺ በቀር።»

እጄን ጨበጠኝ። ክፉ ሰው ቢሆን ምን ነበረበት? እናቴ የታመመች ጊዜ መኪናውን ከነሾፌሩ የሰጠኝ እሱ ነው። በሁለት ቢላ መብላት የሚሉት ይሄው ነው። እንዲህ እንደሚያንቅ ግን አልነገሩኝም።

ለታናሼ ስለ ሹመቱ አልነገርኩትም። «ልቀቂ» እያለኝ «ተሾምኩ» ልበለው? አሁን ከሁለቱም ወገን የምደብቀው አለኝ።

ሰኔ 3

ከምሳ በኋላ ሰማዩ ተቀደደ። እንዲህ ያለ ዝናብ አይቼ አላውቅም። አውቶቡሶቹ ልጆቹን አድርሰው አንድ በአንድ ገቡ። የጋሽ ቀጠሮ ብቻ ቀረ። ስልካቸው ዝግ። ልጆቹ ቤት አልደረሱም።

ሁለቱ ስልኮች ይጮሃሉ። ወላጆች ግቢውን ሞልተው ዝናብ ይመታቸዋል። በሳቸው መስመር ያለው ወንዝ ሞልቶ ድልድዩን እንዳለፈው ተሰማ። ሥራ አስኪያጁ ካርታው ፊት ቆሞ ሾፌሮቹን «ድልድዩ ጋ ሂዱ፤ ከሌሉ ወንዙን ተከትላችሁ ውረዱ» አላቸው። ወንዙን ተከትላችሁ... ምን ማለቱ እንደሆነ የገባት አንዲት እናት እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች።

መጸዳጃ ቤት ገባሁ። ስልኬን ከፈትኩ። ነጥቧ አለች። ድልድዩ ጋ አይደለችም። ከጡብ ፋብሪካው ኋላ፣ ማንም በማይሄድበት አሮጌ መንገድ ላይ ቆማለች።

ወጥቼ መጮህ ነበረብኝ። አልወጣሁም። ቧንቧውን ከፍቼ እጄን ታጠብኩ። ምን ልበል? «ያየ ሰው አለ» ልበል? ማነው ያየው ቢሉኝስ? ሹመቱ፣ የታናሼ ልፋት፣ ጋሽ ቀጠሮ... ሁሉም ጭንቅላቴ ውስጥ ዞረ። እንደገና ታጠብኩ። ንጹሕ እጅ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ማወቅም አልፈልግም።

ከዚያ ወጣሁና ስልኬን ሥራ አስኪያጁ ፊት አስቀመጥኩት።

«እዚህ ናቸው።»

«ማን ነገረሽ?»

«መከታተያ ገጥሜበታለሁ። ያለ ፈቃድ። በኋላ ያባሩኝ፤ አሁን መኪና ይላኩ።»

አየኝ። አስተያየቱን እስከምሞት አልረሳውም። ከዚያ ቁልፉን አንስቶ ራሱ ሮጠ።

ሰኔ 4

ሁሉም ተገኙ። ጋሽ ቀጠሮ ድልድዩ ሳይደርሱ ውኃውን አይተው ዞረዋል። በአሮጌው መንገድ ሲያልፉ ጎማው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ጎርፉ የመኪናው መወጣጫ ላይ ሲደርስ ልጆቹን አንድ በአንድ ተሸክመው የፋብሪካው መጋዘን ውስጥ፣ የጡብ ክምር ላይ አወጧቸው። ስልካቸው ውኃ ውስጥ የወደቀው ያኔ ነው።

አንዲት ልጅ ግን... አስም አለባት። የምትስበው መድኃኒት ያለበትን ቦርሳ ጎርፍ ወስዶባታል። ሲደርሱላት ከንፈሯ ቀለሙን ለውጧል። ሆስፒታል ናት፤ ኦክስጅን ላይ።

እኔ እጄን ስታጠብ እሷ አየር ትፈልግ ነበር።

ሰኔ 5

«አልፎላታል» ብሏል አሉ ሐኪሙ። ተመስገን። መብላት ግን አልቻልኩም።

ሰኔ 7

ሥራ አስኪያጁ በሩን ዘግቶ አስቀመጠኝ። ይሰድበኛል ብዬ ነበር። አልሰደበኝም።

«ወላጆች ነገ ይሰበሰባሉ። መከታተያውን ያስገጠመው ድርጅቱ ነው። አንቺ አጠገቤ ትቀመጫለሽ። ፕሮግራሙን ታስረክቢናለሽ። ሹመትሽም እንዳለ ነው።»

«ጋሽ ቀጠሮስ?»

«ከተመደበለት መንገድ ወጥቷል። ይሰናበታል።»

«ባይወጡ ኖሮ እኮ ወንዝ ውስጥ ነበሩ።»

«አውቃለሁ» አለ። ቀና ብሎ አላየኝም። «ግን ወላጅ ሲቆጣ አንድ ሰው መውደቅ አለበት። አንቺ እንዳትሆኚ ነው የለፋሁት።»

እውነቱን ነው፤ ለፍቷል። ይሄ ነው የከፋው።

ወደ እናቴ ቤት ሄጄ ለታናሼ ሁሉንም ነገርኩት። ሹመቱን፣ መደበቄን፣ መጸዳጃ ቤቱን። «የኔም ላብ አለበት፣ እታለም» አለ። ቢቆጣ ይሻል ነበር።

ሰኔ 8

የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሏል። ሥራ አስኪያጁ ተነስቶ «ድርጅታችን ለልጆቻችሁ ደኅንነት አስቀድሞ ባስገጠመው መሣሪያ...» አለ። ተጨበጨበ። አጠገቡ ተቀምጬ ጉልበቴን አያለሁ።

አንዲት ሴት አላጨበጨበችም። የታመመችው ልጅ እናት ናት። ተነሳች።

«አንድ ጥያቄ አለኝ። መሣሪያው ከነበራችሁ መኪና መጀመሪያ ወንዝ ዳር ለምን ላካችሁ?»

ሥራ አስኪያጁ ውኃ ጠጣ። «የቴክኒክ ጉዳይ...» ብሎ ቀረ። ወደኔ ዞረ። እንድሞላለት ነው።

ቆምኩ።

«መሣሪያው የድርጅቱ አይደለም። የኔና የወንድሜ ነው። ሾፌሩን ለምኜ በድብቅ የገጠምኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ከመንገድ ባይወጡ ኖሮ ዛሬ የምንሰበሰበው ለለቅሶ ነበር። ልጆቹ የት እንዳሉ አይቻለሁ... አይቼም ወዲያው አልተናገርኩም። ለሥራዬ ፈራሁ።»

ሴትየዋ አየችኝ። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ሰኔ 9

ተሰናበትኩ። ጠረጴዛዬ ላይ የነበረኝ ሁሉ ተሰብስቦ አንድ ፌስታል አልሞላም። ስልክ ተቀባይዋ እስከ በር ሸኘችኝ።

ሰኔ 20

ጋሽ ቀጠሮ ደወሉ። ወላጆች «ያለሳቸው ልጆቻችንን አንልክም» ብለው አስመልሰዋቸዋል። ድርጅቱ ግን መሪ አላስጨበጣቸውም። ጋራዥ ውስጥ ጎማ ይቆጣጠራሉ። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር አቋረጡኝ።

«ተይ ልጄ። ጎማ ከሰው ይሻላል። ሲተነፍስ ወዲያው ያስታውቃል።»

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን... ሳልተነፍስ ለቆምኩት ለኔ ነው የተናገሩት? አይመስለኝም። ወይስ?

ሐምሌ 2

እናቴ ቤት ገና ቁርስ ሳንበላ በር ተንኳኳ። የልጅቷ እናት። ቤቱን ከማን ጠይቃ እንዳገኘችው አልነገረችኝም። እናቴ «ግቢ እንጂ የኔ ልጅ፣ ምነው ደጅ ላይ?» አለቻት። ማን እንደሆነች አላወቀችም። ገባች፤ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ልጄን ከዚያ ድርጅት አውጥቻታለሁ። አሁን ለክረምት ትምህርት የምትሄደው በጎረቤቴ ሚኒባስ ነው። አነጋግሬዋለሁ፤ እሺ ብሏል። ያንን ነገር ግጠሙለት።»

ታናሼ እኔን አየ። እኔ መሬቱን።

«እርስዎ... እኔን ያምኑኛል?»

«አላምንሽም» አለች። ድምጿ ከፍ አላለም። «ይቅርም አላልኩሽም። ልጄ ባሳላት ቁጥር የምትመጪብኝ አንቺ ነሽ።»

«ታዲያ ለምን መጡ?»

«ከእንግዲህ አንቺ ብቻ እንድታዪ አልፈልግም። እኔም ልይ።»

ታናሼ ስልኳን ተቀብሎ ፕሮግራሙን ጫነላት። እንዴት እንደሚከፈት ላሳያት አጠገቧ ጎንበስ አልኩ። በጣቴ አሳየኋት።

«እዚህ ጋ ነው የምነካው?» አለች።

«እዚህ ጋ ነው።»

ስትወጣ ደህና ዋይ አላለችኝም። የመጀመሪያዋ ደንበኛችን እሷ ናት።